ያንን ውሃ ለሽርሽር

አማቼ ዮናታን ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑንና አንድ ትልቅ የወረቀት ካርታ ይዞ መጣና የምሳ ሰሃን እንኳን ሳይነሳ ጠረጴዛዬን ሞላው። ስምንት ኪስ ያለው ሰደርያ ለብሷል። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ስምንት ናቸው፤ ስምንቱም ባዶ። ለጉዞ የተገዛ ሰደርያ ነው፤ ጉዞው ገና ሦስት ወር ይቀረዋል፤ እሱ ግን እዚሁ ጆበርግ ውስጥ፣ ከሜይፌር ሰፈር ፎርድስበርግ ያለው ቤታችን ድረስ፣ በእግር ሩብ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ፣ አንበሳ ሊያድን እንደሚወጣ ሰው ሆኖ መጥቷል። ልጄ ቤቲ ከኋላው ገብታ ሳመችኝና «እማ፣ ቁጭ በይ፤ ሰርፕራይዝ አለን» አለችኝ። እኔ ሰርፕራይዝ የሚባል ነገር አልወድም። በሕይወቴ ሳይነገረኝ የመጣ ነገር ሁሉ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ መርዶ ነው። ቢሆንም ቁጭ አልኩ።

ነገሩ ስጦታ ነው። እኔና አባቷ ማቲዎስ ከተጋባን ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላን ስለሆነ ልጆቹ ሽርሽር ሊወስዱን ተመካክረዋል። ዮናታን ጣቱን ካርታው ላይ እያስሮጠ ማስረዳት ጀመረ። «በአውሮፕላን ዳሬሰላም እንገባለን። እዚያ የኪራይ መኪና ይጠብቀናል፤ ፎር ባይ ፎር ነው። ከዚያ ባሕሩን በቀኝ ይዘን ሰሜን፣ ሰሜን፣ ሰሜን። እዚህ ጋ ፓንጋኒ የሚባል ወንዝ አለ፤ መኪናውን ጀልባ ላይ ጭነን እንሻገራለን። ከዚያ ታንጋ። እማዬ፣ ጉዞው ማለት ጀልባው ነው። ድልድይ እየተሠራ ነው አሉ፤ ሳይቀር እንድረስበት።» ይህ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ መስኮት ዳር ተቀምጦ ዶሮ በሩዝ እየበላ ነው የመጣው። ደመና እንጂ መንገድ አላየም። አሁን ለእኔ ወንዝ ያሳየኛል።

«ውሃው ምን ያህል ይሰፋል?» አልኩት፣ እንደማላውቅ ሰው።

«ኧረ ትንሽ ነው። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ፎቶ ለማንሳት እንኳን አይበቃም።»

«ለቢጫ ወባ ተከትባችኋል?»

እሱና ቤቲ ተያዩ።

«መለዋወጫ ጎማው ስንት ነው? የመኪናው ወረቀት በማን ስም ነው? ከመካከላችን አንዱ ቢታመም ሆስፒታል በስንት ሰዓት ይደረሳል?»

«እማ፣ ሪላክስ» አለች ልጄ። «ሁሉም ኢንሹራንስ አለው።»

እኛ ጌታን የምንጠራበት ቦታ ላይ እነሱ ኢንሹራንስ ይጠራሉ። ዮናታን የሚገዙትን ዕቃ ዝርዝር አነበበልን፤ ውሃ የሚያጣራ ኪኒን፣ የሚታጠፍ ሳህን፣ አገጭ ስር የሚታሰር ባርኔጣ፣ ብንጠፋ የምንነፋው ፊሽካ። ጠፍቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ሲጠፋ ፊሽካ የሚነፋው። የጠፋ ሰው ትንፋሹን ነው የሚውጠው። ይህን አልነገርኩትም፤ ቢነግሩትም ሰደርያው አያስገባውም።

ይሄኔ ማቲዎስ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ካርታውን ወደ ራሱ ስቦ ጣቱን ወንዙ ላይ አሳረፈ።

«አማረች፣ ይሄ ነው አይደል? ኤርጫፎ እህቴን የሸጠበት ውሃ።»

«እሱ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አለ። «ጀልባው ላይ ቆሜ፣ ስሙን ጠርቼ፣ እግዚአብሔር እንዲፈርድበት አቤት እላለሁ። ሃያ አምስት ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነው።»

«ዋው፣ አባዬ» አለ ዮናታን፤ «ይሄ ሂሊንግ ነው።» ላፕቶፑም ላይ ጻፈው።

ሰሃኖቹን ሰብስቤ ወደ ማድቤት ገባሁ። ኤርጫፎ ታደለችን አልሸጣትም። ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ይህን የምናውቀው እኔና ታደለች ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ ሆሳዕና ናት፤ አትናገርም። ማቲዎስ እዚያ ውሃ ላይ ቆሞ በደል የሌለበትን ሰው ሊረግም ነው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ አሜን ልል ነው። ውሃውን ከፍቼ አንድ ሰሃን ብዙ ጊዜ አጠብኩ።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በፎቶ ነው። ያኔ እንዲህ ነበር። የእኛ አገር ወንዶች ቀድመው መጥተው በየሎኬሽኑ፣ ከከተማ ወጣ ባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ትንንሽ ሱቅ ከከፈቱ በኋላ ሚስት የሚፈልጉት ከመንደራቸው ነበር፤ ፎቶ ይላካል፣ ፎቶ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሆሳዕና ከአውቶቡስ መናኸሪያው አለፍ ብሎ የነበረው ፎቶ ቤት የሙሽሮች ፎቶ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ከጀርባ ፏፏቴ የተሳለበት አቡጀዲ ተሰቅሏል። ባለቤቱ አንድ ጥንድ ነጭ ባለ ተረከዝ ጫማ ነበረው፤ ለሁላችንም ያችን ነው የሚያጫማን። ለእኔ ሰፍታኝ ጫፏ ውስጥ ጋዜጣ ጠቀጠቀልኝ። ዛሬ የእኛን ዘመን ሴቶች የድሮ ፎቶ ለሚያይ ሰው ከደርዘን የማያንሱት በዚያችው ጫማ ቆመዋል። ማቲዎስ የላከልኝ ደግሞ ቀይ መኪና ተደግፎ የተነሳውን ነበር። መኪናው የጎረቤቱ ነው። እናቴ መኪናውን አይታ ፈቀደች፤ እኔ ደግሞ ፊቱን አይቼ ደግ መሰለኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመች ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ትመርምር።

የማቲዎስ ታናሽ እህት ታደለችም በፎቶ ታጭታ ነበር፤ ጻካኔ የሚባል ሎኬሽን ሱቅ ለነበረው ለወንድሟ ጓደኛ። ስለዚህ ሁለታችንን አንድ ላይ አስረከቡን። ያስረከቡን ለኤርጫፎ ነው። ኤርጫፎ የእኛው አካባቢ ሰው ነው፤ ደላላ ይሉታል፤ እሱ ራሱን መንገድ መሪ ይላል። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ፣ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ወንድሜ የሚል ሰው ነበር። በዚያ አቧራ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ መልበሱን ያኔም ንቄው ነበር። ታደለች ግን ትወደው ነበር፤ ታስቀው ነበር። እሷ የመዘምራን ልጅ ናት፤ ቁመቷ ረጅም፣ ድምጿ ወፍራም፣ አንድ ነገር ካሳቃት ጉልበቷን እየመታች የምትስቅ ልጅ። ጭነት መኪና ላይ በቆሎ ከረጢት ተደግፈን ስንሄድ እንኳን የመዝሙር ሁለተኛ ድምፅ ታለማምደኝ ነበር። እኔ ሁለተኛ ድምፅ መያዝ አልችልም። «አማረች፣ አንቺን ጌታ ለሱቅ ነው የፈጠረሽ» ትለኝ ነበር። አልተሳሳተችም።

ሞምባሳ የጨርቅ ሱቅ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ዘጠኝ ቀን ቆየን። መስኮቷ ወደ ጠባብ መንገድ ነው፤ ከታች በኮኮናት ዘይት የሚጠበስ ዓሣ ይሸታል፤ ሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ፎርድስበርግ ገበያ ውስጥ በአንድ ሕንድ ምግብ ቤት ሳልፍ ድንገት ሲመጣብኝ ቆሜ እቀራለሁ። በአሥረኛው ቀን ኤርጫፎ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ሁለት ጥቁር ልብስ ከነዓይነ ርግቡ ይዞ መጣና ከዚህ በኋላ ሰርግ የሚሄዱ የባሕር ዳርቻ ሴቶች ናችሁ አለን። ሹፌሩ የአገሩ ሰው ነው፤ መኪናዋ የተከራየች አሮጌ ነጭ መኪና ነች። «አፋችሁን የከፈታችሁ ዕለት አለቀ» አለ ኤርጫፎ። «ሳል እንኳን ቢመጣባችሁ በስዋሂሊ ሳሉ።» ታደለች ጉልበቷን እየመታች ሳቀች።

ፓንጋኒ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ዮናታን በስልኩ ያሳየኝ ፎቶ ላይ ውሃው ሰማያዊ ነው፣ የኮኮናት ዛፍ አለበት፣ አንዲት ነጭ ሴት ባርኔጣዋን ይዛ ትስቃለች። እኔ ያየሁት ውሃ የሻይ በወተት መልክ ነበረው። ጀልባዋ ከብረት የተሠራች ሰፊ መድረክ ናት፤ መኪና ጥቂት ትይዛለች፤ የቀረው ሰው፣ ብስክሌት፣ ዶሮና ፍየል ነው። ኤርጫፎ ከእኛ ጋር እንዳይታይ ወርዶ ከእግረኞቹ ጋር ፊት ለፊት ጫፍ ላይ ቆመ። ሹፌሩም ትኬት ሊከፍል ወረደ። እኛ ከኋላ ወንበር ላይ፣ እኔ በውሃው በኩል፣ ታደለች በሰዉ በኩል ተቀምጠናል። ከሙቀቱ የተነሳ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። የመወጣጫው ብረት ተነሳ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መሬቱ ከሥራችን ሄደ።

አንድ ነገር ላስረዳ። የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሰው ውሃ ሳይጸልይ አይሻገርም። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ጉልበት የማይደርስ ጅረት ፊት ቆማ፣ ሸክሟን አውርዳ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጸልያ ነበር የምትሻገረው። በልብ መጸለይ የሚባለውን ነገር እኔ እዚህ ከተማ መጥቼ ነው የሰማሁት። ለእኛ ድምፅ የሌለው ጸሎት እሳት የሌለው ምድጃ ነበር። እናም ያ ብረት ሲንቀሳቀስ፣ ከሁለት በኩል ያንን ቡናማ ውሃ ሳየው፣ የኤርጫፎ ማስጠንቀቂያ ከራሴ ወጥቶ ሄደ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እጄን ዘረጋሁ፤ በሀድይኛ ጮክ ብዬ ጸለይኩ። ታደለች መጀመሪያ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አላቆምኩም። ስጨርስ ደግሞ እሷው ሳትወድ በግድ «አሜን» አለች፤ አሜን ሳይባል የሚቀር ጸሎት ነውር ነዋ። በዚያ ወፍራም ድምጿ።

የብረቱን አጥር ተደግፎ የቆመ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ዞር አለ። ቀስ ብሎ መጣ። የመጣው በታደለች በኩል ነው። አንድ ነገር ጠየቃት፤ አልገባትም። ደግሞ ጠየቃት። እሷ እኔን አላየችኝም፤ አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችኝም። በሩን ከፈተች፣ ወረደች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ሕፃን የተኛበትን ክፍል እንደሚዘጋ ሰው ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ሹፌሩ እየሮጠ መጥቶ ወደ እኔ እያመለከተ ሚስቴ ናት እንዳለ ገባኝ፤ ወደ ታደለች ደግሞ እያመለከተ እጁን አወናጨፈ፤ መንገድ ላይ አሳፍሬያት ነው ማለቱ ነው። እኔ ከዓይነ ርግቡ ሥር ነበርኩ። አንገቴን ደፋሁ። ጀልባዋ ስትደርስ ሹፌሩ መኪናዋን ነድቶ አወጣት፤ ታደለች ከፖሊሱ ጋር እዚያው ቀረች። ያ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ኤርጫፎ ያየው ነገር ቢኖር ፖሊሱ መኪናው ላይ ሲያጎነብስ ብቻ ነው። እሷን ተከትሎ ሄደ። እኔን ሹፌሩ ከወንዙ ማዶ አንድ ቤት ጥሎኝ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ኤርጫፎ ብቻውን መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ለምኜ አልሆነልኝም አለ። ሸሚዙ ግን ታጥቦ ተተኩሶ ነበር።

ጆበርግ ስገባ ወቅቱ ክረምት ነበር፤ ያኔ የዚህ አገር ክረምት ሰኔና ሐምሌ ላይ ደረቅ ብርድ መሆኑን ማን ነግሮኝ፤ በነጠላ ጫማ ነው የገባሁት። ሂልብሮው ውስጥ በአንድ ትልቅ ፎቅ ዘጠነኛው ላይ አንዲት ክፍል በመጋረጃ አራት ቦታ ተከፍላ አራት ባልና ሚስት እንኖርባት ነበር። የእኛ መጋረጃ አረንጓዴ ሆኖ ወርቃማ ወፍ ነበረበት፤ ማቲዎስ ፎርድስበርግ ከአንድ ሕንድ ሽማግሌ ዘንድ በሜትር ያስቆረጠው ነው። ሊፍቱ አይሠራም። ዳቦ ሁለት ራንድ ከምናምን ነበር፤ አንድ ፌስታል የዶሮ እግር ለሁለት ቀን ይበቃን ነበር፤ ታክሲ ለማስቆም ጣት ወደ ላይ ማሳየት ወደ ከተማ ማለት እንደሆነ ሳላውቅ አንድ ቀን ሙሉ መንገድ ዳር ቆሜ አውቃለሁ። ታክሲው ውስጥ የሚከፈተው ዘፈን ደረት ይመታ ነበር፤ ሐጢአት መስሎኝ ጆሮዬን እይዝ ነበር፤ በኋላ እኛም ጻካኔ በነበረን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያንኑ ዘፈን በአፍንጫዬ ሳንጎራጉር ራሴን አገኘሁት። ሱቁ የአንዲት አሮጊት ጋራዥ ነበር። በፍርግርጉ በኩል ላምባ በጠርሙስ፣ ሲጋራ በፍሬ እንሸጥ ነበር። «ሳውቦና ማማ» ብለው ሰላም ይሉኛል የሰፈሩ ልጆች፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ማማ መባል ያኮራኝ ነበር። አሁን ቤቲ ያንን ዘመን «ቪንቴጅ» ትለዋለች። የአረንጓዴውን መጋረጃ ቁራጭ ከሳጥን አውጥታ በመስታወት አሠርታ ሳሎኗ ሰቅላዋለች። እኛ የተሸሸግንበትን ጨርቅ እንግዳ ያየዋል።

በመጣሁ በሁለተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ፤ የዕቃ መሸጫ ፎቅ ላይ የነበረ አዳራሽ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ማይክ ይዞ መንገዱን መመስከር አለበት፤ ልማዱ ነው፣ ዛሬም አልቀረም። እነዚያን ምስክርነቶች ታውቋቸዋላችሁ። ጫካ ውስጥ አንበሳ ያጋጠመው፣ አንበሳው አይቶት እንደ በግ ያለፈ። አንድም ሰው ምስክርነት ላይ ፈራሁ አይልም፣ ሸሸሁ አይልም፣ ሰው ትቼ መጣሁ አይልም። እኔም ማይኩን ያዝኩና «ውሃ ላይ ጮኬ ጸለይኩ፤ ጌታ የጠባቂውን ዓይን ያዘልኝ» አልኩ። አዳራሹ «ሃሌ ሉያ» አለ። አጨበጨቡልኝ። ሁለት ሴቶች አለቀሱ። ከዚያ ማቲዎስ፣ ገና ያገባኝ ባሌ፣ ከመቀመጫው ተነስቶ «ታደለችስ?» አለ። ማይኩን ዝቅ አደረግኩ። ከኋላ አንዲት ሴት «ደላላው ነዋ» አለች። «እነሱ እኮ ለፖሊስ ይሸጣሉ።» ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያኔ አንድ ነገር ብቻ መናገር ነበረብኝ። የተናገርኩት ግን ሌላ ነው። «በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ሸሚዙ ተተኩሶ ነበር» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ሸሚዙ ተተኩሶ ነበር። ያችው አንዲት ቃል በቃች። ከዚያ ወዲህ ኤርጫፎን ሙሽራ አምጣልኝ ያለው ሰው የለም፤ ከእድሩ ተሰረዘ፤ ማቲዎስ አንድ ጊዜ አንገቱን ሊያንቀው ነበር፣ ሽማግሌዎች ገቡ። ደላላ መናቅ ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው በደላላ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ሊንቀው ይፈልጋል። ከሁሉም የባስኩት እኔ ነኝ። ኤርጫፎ ሥራ ሲያጣ ፎርድስበርግ አንድ ማዕዘን ላይ ሻንጣ መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬም እዚያው ነው። በዚያ ሳልፍ ዚፑ የማይዘጋ ሻንጣ፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ፣ እያየሁ ከንፈሬን እጠማዝዛለሁ። ቤቲ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሻንጣ ፍለጋ ግማሽ ከተማ አዞርኳት፣ ከእሱ እንዳትገዛ። ንቀት ባለበት የሚቆም እንዳይመስላችሁ፤ ያድጋል እኮ፤ ውሃ ካጠጡት ዛፍ ይሆናል፤ ሃያ አምስት ዓመት ስንቀው ኖሬ አንዳንድ ጊዜ በእውነት የሸጣት ይመስለኝ ነበር።

ታደለች ስድስት ወር ታስራ ወደ አገር ተመለሰች። እጮኛዋ አልጠበቃትም፤ በዓመቱ ሌላ ፎቶ መጣለት። እሷ ሆሳዕና ገበያ ዳር ክርና ቁልፍ ትሸጣለች፤ አላገባችም። ወንድሟ በየእሑዱ ይደውልላታል፤ መጨረሻ ላይ ስልኩን ይሰጠኛል። «አማረች፣ ደህና ነሽ? ትጸልያለሽ?» ትለኛለች። እኔም እጸልያለሁ እላታለሁ። ከዚህ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም። ምን ማለቷ እንደሆነ ስንት ጊዜ ተኝቼ አሰላስዬዋለሁ። ምንም ማለቷ ላይሆን ይችላል። እሷ ክፋት አታውቅም።

ካርታው ከተዘረጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆቹ ተመልሰው መጡ። ዮናታን በዚህ ጊዜ ባርኔጣውን ጨምሮበታል። ቡኪንጉን ሊያረጋግጥ ነው፤ የመኪናው ቀለም ነጭ ወይስ ብርማ ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። «ጀልባው ላይ አባዬ ስሙን ሲጠራ ቪዲዮ ብንቀርጸው ምን ይመስላችኋል?» አለ። «ለልጆቻችን ይቀራል።» ማቲዎስ ራሱን ነቀነቀ፤ ቅረጹት አለ። የሚናገረውን በወረቀት ጽፎ ይዞ ነበር፤ አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ አስቀምጦታል፤ አወጣና ሊያነብልን ጀመረ። የኤርጫፎን ስም ከነአባቱ ጽፎታል። የሰውየውን ልጆችም ጽፏቸዋል።

«ልጆቹን ተዋቸው» አልኩ።

«የሱ ልጆች በሰላም ይኑሩ፣ የኔ እህት...»

«ማቲዎስ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

መነጽሩን አወለቀ። ነገርኩት። ረጅም አልነበረም፤ ጸሎቱን፣ አሜኑን፣ በሩን፣ ሹፌሩ ሚስቴ ናት ማለቱን፣ አንገቴን መድፋቴን። ስናገር ድምፄ የሱቅ ዋጋ እንደምናገር ነበር፤ ሌላ ድምፅ አልመጣልኝም።

ቤቲ እጄን ያዘችኝ። «እማ፣ መጸለይ ጥፋት ነው እንዴ? ፈርተሽ ነው እኮ።»

«መጸለዩ አይደለም ልጄ» አልኳት። «ሸሚዙ ነው።»

ማቲዎስ ወረቀቱን መልሶ አጣጠፈው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «በሩን ራሷ ናት የዘጋችው?»

«ራሷ።»

ተነስቶ በረንዳ ላይ ወጣ። ዮናታን ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና በዝግታ «እማዬ፣ እስከ ማክሰኞ በነፃ መሰረዝ ይቻላል» አለኝ። መጀመሪያ ልሰድበው ነበር። በኋላ ሳየው ሌላ የሚያቀርብልኝ ነገር ስላልነበረው ነው፤ ያለውን ሰጠኝ።

በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ማቲዎስ ከቅዳሜ ጀምሮ ቃል አልተናገረኝም። ኤርጫፎ ሁልጊዜ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ቡራኬ ሳይሰጥ ቀድሞ ይወጣል፤ ሰው ሰላም ሳይለው ከሚያልፈው ብሎ ነው። ያን ቀን የመጨረሻው መዝሙር ሲጀመር ማቲዎስ ተነሳና ተከትሎት ወጣ። እኔም ከኋላ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከአጥሩ በር ጋ ደረሰበትና ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ ሰላም አለው። ኤርጫፎ ደንግጦ ወደ ኋላ ተመለከተ፤ ሰላምታው ከኋላው ለቆመ ሰው መስሎት ነው። ማንም አልነበረም። ማቲዎስ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ።

«ምን አልከው?»

«ሰላም አልኩት። ሌላው ያንቺ ነው» አለኝ፤ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ቃሉ ነው።

ወደ ኤርጫፎ ሄድኩ። አርጅቷል። ያን ያህል ዓመት እየናቅኩት ሳልፍ ማርጀቱን አላየሁም ነበር። ገና ሳልደርስ «እህቴ አማረች» አለኝ፣ «ሰው ሞተ እንዴ?» ሞት ካልሆነ ሁለታችንም ሰላም አንለውም ብሎ ነው።

«ማንም አልሞተም» አልኩትና ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አልጮኸም። ይቅርታ አድርጌልሻለሁም አላለኝ። «እኔ እኮ ሹፌሩ መስሎኝ ነበር» አለ። «ያንን ሰውዬ ስንት ዓመት ረገምኩት።» አጥሩን ያዘ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ለኔ መንገርሽ ምን ይሠራልኛል? እኔ አለመሸጤን አውቃለሁ። ያኔ የተናገርሽው ለነሱ ነው።» በአገጩ አዳራሹን አሳየኝ።

እንደምፈራ ነገርኩት። መፍራቴን ይረዳልኛል ብዬ ነበር። «እኔም ያኔ ፖሊሶቹን ስለምናቸው ፈርቼ ነበር» አለና ሄደ።

ቡኪንጉ አልተሰረዘም፤ ማቲዎስ ማክሰኞ ማታ ለዮናታን ደውሎ እንሄዳለን አለው፤ እኔን ሳያየኝ። በሚቀጥለው እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጄን አወጣሁ። ሰዉ ተገረመ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን በቀር ማይክ ይዤ አላውቅም። ቤቲና ዮናታን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ማቲዎስ አጠገባቸው መሬት መሬት ያያል፤ ኤርጫፎ መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ። መሪዋ ማይኩን ሰጥታኝ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ውሃ ስሻገር» ብዬ ጀመርኩ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት እናቶች ምስክርነት ለምደዋልና ገና ቀሪውን ሳይሰሙ እጃቸውን አንስተው «ሃሌ ሉያ» አሉ፤ አዳራሹም ተቀበላቸው።

«ቆዩ» አልኳቸው። «ገና አልተናገርኩም።»